የአኳሪየም ተክል እንዳይበሰብስባችሁ፦ ከመትከል እስከ መከርከም

“ተክሉን ገዝቼ ካስገባሁ ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላው፣ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ እየሟሟ ነው። ምን ላድርግ?” ቤቴ አኳሪየም እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህን ይጠይቀኛል። ፎቶ ሲልኩልኝ ነገሩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ወፍራሙ ግንድ ጠጠር ውስጥ ተቀብሯል። መብራቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይበራል። ዓሣዎቹም የገቡት በዚያው ቀን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከመመለስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምጽፈው 45 ሊትር ያህል ለሚይዝ መስታወት ነው፤ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር። ከዚህ በጣም ያነሰ አልመክርም። ውሃው ትንሽ ሲሆን አንዲት የተረሳች የምግብ ቁንጥጫ እንኳን ታበላሸዋለች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 45 ሊትር የሚይዝ መስታወትና ክብደቱን የሚችል ጠንካራ ጠረጴዛ
- ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ደቃቅ ጠጠር፣ 14 ኪሎ ያህል
- በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር
- 9 ወይም 10 ዋት ነጭ ኤልኢዲ መብራት፣ ማሸጊያው ላይ 6500 የሚል
- ታይመር
- ቴርሞሜትር፣ ቤታችሁ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ 50 ዋት የውሃ ማሞቂያ
- ረጅም ወረንጦ፣ መቀስ፣ የጥጥ ክር ወይም ሱፐር ግሉ
- ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውሉ ሁለት ባልዲዎች፣ አንድ ሳፋና ስስ የላስቲክ ቱቦ
- አቼቶና ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና
- የአኳሪየም ፈሳሽ ማዳበሪያ (ለኋላ ነው፣ መጀመሪያ ቀን አያስፈልግም)

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ረስቼው አይደለም። ከዚህ በታች የምመክራቸው ተክሎች ከአየርና ከዓሣዎቹ ትንፋሽ የሚያገኙት ይበቃቸዋል። በእርሾና በስኳር ጋዝ የማምረት ዘዴም አለ፤ ለጀማሪ ግን ከጥቅሙ ጣጣው ይበልጣል።

የትኛውን ተክል ልግዛ?

በአምስቱ ጀምሩ፦ አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪን፣ ቫሊስኔሪያ እና ሆርንወርት። አምስቱም ደብዛዛ ብርሃን ይችላሉ፣ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ባለው ውሃም ይኖራሉ። ቀያይ ቅጠል ያላቸውንና እንደ ሣር ምንጣፍ የሚዘረጉትን ለጊዜው ተዉአቸው። ኃይለኛ ብርሃንና ተጨማሪ ጋዝ ይፈልጋሉ።

ሱቅ ስትገቡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የቤት ውስጥ ጌጥ ተክል ውሃ ውስጥ ተነክሮ የአኳሪየም ተክል ተብሎ ይሸጣል። “የዕድል ቀርከሃ” የሚባለው ዋናው ነው። ለጥቂት ሳምንታት ደህና ይመስላል፤ ከዚያ ከውስጥ ይበሰብስና ውሃውን ያበላሻል። ተክሉን ከውሃ አውጥታችሁ እዩት። አብዛኛው እውነተኛ የውሃ ተክል ከውሃ ሲወጣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ጠርጥሩ። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ግን በተፈጥሯቸው ጠንካራ ስለሆኑ በዚህ መለኪያ አትፍረዱባቸው።

ከሐይቅ ዳር ነቅሎ ማምጣትም የሚያምራቸው አሉ። አታድርጉት። ጣና፣ ዝዋይና ሐዋሳ ዳር ያሉ ተክሎች ላይ የሚገኙ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን ጥገኛ ተሕዋስ ይሸከማሉ። ቢልሃርዚያ የሚይዘው በቆዳ በኩል ነው፤ እጃችሁን አኳሪየም ውስጥ መክተት ብቻ ይበቃዋል።

አሠራሩ

1. ቦታውን ምረጡ። ውሃው፣ ጠጠሩና መስታወቱ ሲደመር 60 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ቁምሳጥን ብዙውን ጊዜ አይችለውም። ጠረጴዛው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡና ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ። ያጋደለ መስታወት አንድ ጎኑ ላይ ጫና ይበዛበትና መገጣጠሚያው ይከፈታል። ከታቹ ስስ ፎም አንጥፉ፤ ትንንሽ ጉብታ ካለ ይውጥላችኋል። ቀጥታ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትም አርቁት። የፀሐይን ብርሃን በታይመር ማጥፋት አይቻልም፣ በዚያ ላይ አልጌ (መስታወትና ቅጠል ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ሽፋን) ይወደዋል።

2. ጠጠሩን ሞክሩና እጠቡ። ጥቂት ጠጠር ሳህን ላይ አድርጉና አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው። ውሃውን ቀስ በቀስ ስለሚያጠነክረው (ማዕድኑን ስለሚያበዛው) ሌላ ፈልጉ። ያለፈውን በባልዲ እያደረጋችሁ በእጃችሁ እያሹ እጠቡ። የባልዲው ታች በውሃው ውስጥ አጥርቶ እስኪታይ አታቁሙ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ሳይታጠብ የገባ ጠጠር ግን ውሃውን ለቀናት ያደፈርሰዋል፣ አቧራውም ቅጠል ላይ ተኝቶ ብርሃን ይከለክላል። ሳሙና በፍጹም አትንኩ። ከታጠበ በኋላ ከፊት 4፣ ከኋላ 7 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ አንጥፉት። ሥር የሚሰዱት ተክሎች ከኋላ ስለሚተከሉ ጥልቀት የሚፈልጉት እዚያ ነው።

3. ውሃውን አዘጋጁ። የቧንቧ ውሃ በክሎሪን ይታከማል። ክሎሪን ዓሣን ይጎዳል፣ ፊልተሩ ውስጥ የሚራቡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ውሃውን አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ ውስጥ 24 ሰዓት አቆዩት፤ ክሎሪኑ በንኖ ይወጣል። ክዳኑ በተዘጋ ጀሪካን ወይም ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃ ግን በዚህ አይቆጠርም፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋልና። ውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን ይጠቀማሉ። እሱ በማቆየት አይወጣም። ከዓሣ ሱቅ የውሃ ማስተካከያ ጠብታ መግዛት አለባችሁ።

ውሃችሁ የጉድጓድ ከሆነና የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ጠንካራ ውሃ ነው። አትጨነቁ፤ ቫሊስኔሪያ እንዲያውም ይወደዋል።

4. ተክሉን አጽዱ። ከሱቅ የመጣው ተክል ሥሩ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ መሰል ነገር፣ ላስቲክ ወይም የእርሳስ ሽቦ ሊኖርበት ይችላል። ሁሉንም አውጡ። ጥጡ ሥሩን ያፍነዋል፤ ላስቲኩ ግንዱን ቆርጦ መበስበሱን ከዚያ ያስጀምራል። የተጎዱ ቅጠሎችን ከመነሻቸው ቁረጡ። ረጅም ሥሮችን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ከርክሙ። በጣም ሲረዝሙ ጠጠር ውስጥ ታጥፈው ይሰባበራሉ።

የቀንድ አውጣ እንቁላል ቅጠሉ ጀርባ ላይ እንደ ጠፈጠፍ ያለ ግልጽ ጄል ሆኖ ይታያል። በጥፍራችሁ ፍቁት። ለአኑቢያስና ለጃቫ ፈርን በረኪና መጠቀም ትችላላችሁ፦ አንድ ኩባያ በረኪና በ19 ኩባያ ውሃ በጥብጡ፣ ተክሉን ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ንከሩ፣ ወዲያው አውጥታችሁ በብዙ ውሃ አለቅልቁ። ከዚያም ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት አቆዩት። የበረኪና ሽታ እስካለው ድረስ አኳሪየም ውስጥ አይገባም። ቫሊስኔሪያና ሆርንወርት ግን በረኪና አይችሉም። እነሱን እያዩ በእጅ ማጽዳት ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* በረኪናና አቼቶ በአንድ ዕቃ አይገናኙ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ለጠጠሩ መሞከሪያ የተጠቀማችሁበትን ሳህን አጥባችሁ ወደ ቦታው መልሱ፣ ከዚያ በረኪናውን ክፈቱ።

5. ትከሉ። አብዛኛው ተክል የሚሞተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሥሩ። መስታወቱ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ብቻ ጨምሩ። ሙሉ ውሃ ውስጥ መትከል ክንድን እስከ ብብት መንከር ነው፤ የተከላችሁትም ተመልሶ ይንሳፈፋል። ቅጠሎቹ እንዳይደርቁ በየመሃሉ ውሃ አርከፍክፉባቸው።

አሁን እያንዳንዱን በየዓይነቱ።

*አኑቢያስና ጃቫ ፈርን።* እነዚህን አትቅበሩ። ቅጠሎቹ የሚወጡበት አግድም የተኛ ወፍራም ግንድ አላቸው፤ ራይዞም ይባላል። አኑቢያስ ላይ የትንሽ ጣት ያህል ሊወፍር ይችላል፣ ከላዩ ቅጠል ከታቹ ሥር ይወጣል። ይህ ግንድ ጠጠር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ስትነኩት ለስለስ ካለና መጥፎ ሽታ ካለው መበስበስ ጀምሯል፤ ጠንካራው ክፍል እስኪመጣ ቁረጡለትና የቀረውን አድኑት። ትክክለኛ ቦታው ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ነው። በጥጥ ክር ሁለት ሦስት ዙር እሰሩት፤ ክሩ በስብሶ እስኪወድቅ ሥሩ ድንጋዩን ይይዛል። ወይም አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ድንጋዩ ላይ አድርጉና ግንዱን ለጥቂት ሰከንዶች ተጫኑት። ውሃ ሲነካው ነጭ ሆኖ ይደርቃል፣ ዓሣ አይጎዳም።

*ቫሊስኔሪያ።* ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ ረጅም ነው፣ ከኋላ ይተከላል። ሥሩና ቅጠሉ የሚገናኙበት ነጭ አንገት አለው። የሥሩን ጫፍ በወረንጦ ያዙና ሰያፍ አድርጋችሁ ጠጠሩ ውስጥ አስገቡ። ወረንጦውን ለቃችሁ አውጡ። ከዚያ ቅጠሉን ይዛችሁ ነጩ አንገት ከጠጠሩ በላይ እስኪታይ በቀስታ ወደ ላይ ሳቡት። አንገቱ ከተቀበረ አዲስ ቅጠል መውጫ ያጣል።

*ክሪፕቶኮሪን።* አተካከሉ እንደ ቫሊስኔሪያ ነው፣ ቦታው ግን መሃል። የዚህ ተክል ዋና ጠባይ ቦታ ሲቀየርበት መኮረፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቅጠሉ በሙሉ ሊሟሟ ይችላል። ሰው “ሞተ” ብሎ የሚነቅለው ያኔ ነው። አትንቀሉት! የሟሟውን ቅጠል አንሱ እንጂ ሥሩን ተዉት። ሥሩ ሕያው ከሆነ በሳምንታት ውስጥ አዲሱን ውሃ የለመደ ቅጠል ያወጣል። ነቅላችሁ ቦታ ከቀየራችሁለት ኩርፊያው እንደገና ይጀምራል።

*ሆርንወርት።* እውነተኛ ሥር የለውም። ዝም ብላችሁ አንሳፍፉት። በፍጥነት ስለሚያድግ ከውሃው ውስጥ አሞኒያ ይስባል፣ የአልጌን ምግብም ይሻማል። አኳሪየሙ ገና አዲስ ሳለ ከሁሉ የሚበልጠው ረዳት እሱ ነው። ጥላው ከበዛ ግማሹን አውጡ።

በመጀመሪያው ቀን ከጠጠሩ ግማሽ ያህሉ በተክል ቢሸፈን ጥሩ ነው። በሁለት ቀጫጭን ተክል የተጀመረ አኳሪየም አብዛኛውን ጊዜ የአልጌ ማሳ ይሆናል፤ ምግቡን የሚወስድ ሌላ የለማ።

ሲያልቅ ጠጠሩ ላይ ትንሽ ሳህን አስቀምጡና የቀረውን ውሃ በቀስታ እሱ ላይ አፍስሱ። ያለ ሳህን ከፈሰሰ የተከላችሁትን ሁሉ ይነቅለዋል።

6. መብራቱን በታይመር አድርጉ። ለመጀመሪያው አንድ ወር በቀን 6 ሰዓት ብቻ። ከዚያ በኋላ ወደ 7 ወይም 8 ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከ8 በላይ አያስፈልግም። ብርሃን ሲበዛ ተክሉ ቶሎ የሚያድግ ይመስላል፤ ነገር ግን ገና ሥር ያልያዘ ተክል ሊጠቀምበት አይችልም፣ ትርፉን አልጌ ይወስደዋል። እኔ የምመክረው ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ነው፤ ከሥራ ስትገቡ በርቶ ታገኙታላችሁ። አብዛኛው ታይመር የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 16:00 እና 22:00 ላይ አድርጉት።

*ማስጠንቀቂያ፦* ዲቫይደሩን ከመስታወቱ ሥር ወለል ላይ አታስቀምጡ። ከፍ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። እያንዳንዱ ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይሆን ወለል ላይ ይንጠባጠባል። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ። ማሞቂያውን ደግሞ ውሃ ከመቀነሳችሁ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ንቀሉት። ትኩስ እንዳለ ከውሃ ከወጣ የማሞቂያው መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

7. ዓሣ ለማስገባት አትቸኩሉ። የዓሣ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። ፊልተሩ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትሬት ግን በመጠኑ ሲሆን ለተክሉ ማዳበሪያ ነው። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። እነሱም እንዲራቡ ምግብ ይሻሉ፤ በየሁለት ቀኑ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉ። መመርመሪያ ኪት ካላችሁ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ከፍ ብለው ወደ ዜሮ እስኪመለሱ ጠብቁ። የቆየ አኳሪየም ያለው ወዳጅ ካላችሁ የፊልተሩን ስፖንጅ እናንተ ውሃ ውስጥ እንዲጨምቅላችሁ ለምኑት። ውሃው ለጊዜው ይደፈርሳል፤ ጥበቃውን ግን በጣም ያሳጥረዋል።

መጀመሪያ ጉፒ ከሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎች ሦስት ብቻ አስገቡ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ ጨምሩ። ጎልድፊሽ አይሁን። ለስላሳውን ተክል ይበላል፣ ጠንካራውን ይነቅላል፣ 45 ሊትርም አይበቃውም።

8. በየሳምንቱ የሚሠራ። ከውሃው ሩቡን በቱቦ ቀንሱና ክሎሪኑ በወጣለት፣ ሙቀቱም ተቀራራቢ በሆነ ውሃ ተኩ። የቀነሳችሁትን አትድፉ፤ ለጓሮ ጎመንና ለአበባ ግሩም ነው። የበሰበሰ ቅጠል ልቀሙ። የፊት መስታወቱን ጥረጉ። ስፖንጁ ሲደፈን በቀነሳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ እጠቡት። የቧንቧ ውሃ ላይ ካጠባችሁት ወር ሙሉ የጠበቃችኋቸውን ባክቴሪያዎች በአንድ ጊዜ ጨረሳችሁ ማለት ነው።

ፈሳሽ ማዳበሪያ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ። ዓሣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጣል፤ ፖታሺየምና ብረት ግን ያንሳል። *ዩሪያ፣ ዳፕ ወይም የአበባ ማዳበሪያ በጭራሽ አትጨምሩ።* ውሃ ውስጥ አሞኒያ ይሆኑና ዓሣውን ይፈጁታል።

መብራት ሲጠፋ

ለጥቂት ሰዓት ከሆነ ምንም አታድርጉ። ለተክሉ አንድ ቀን ያለ ብርሃን ምንም አይደለም። የሚያሳስበው ኦክስጅን ነው፤ ተክልም በጨለማ እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይጠቀማል። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱ። እንዳይቀዘቅዝ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት፣ ከላይ ግን አየር መግቢያ ተዉ። ምግብ አትስጡ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ችግሮች

*መስታወቱና ቅጠሉ ላይ ቡናማ አቧራ መሰል ነገር።* አዲስ አኳሪየም አብዛኛውን ጊዜ ያመጣዋል። በጣት ሲነካ ይለቃል። እየጠረጋችሁ ጠብቁ፣ በራሱ ይጠፋል።

*አረንጓዴ ክር ወይም አረንጓዴ ውሃ።* ብርሃን በዝቷል። ሰዓቱን ቀንሱ፣ ምግብም ቀንሱ። በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጡ።

*አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ የሚወጣ።* አብዛኛውን ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ቢጫ የሚሆነው አሮጌው ቅጠል ከሆነ ናይትሮጅን፣ አሮጌው ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ከታየ ደግሞ ፖታሺየም። ማዳበሪያውን ወደ ሙሉ መጠን ከፍ አድርጉ። የተበላሸው ቅጠል አይድንም፤ የምታዩት ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ነው።

*ጃቫ ፈርን ቅጠል ጀርባ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ።* ይህን በሽታ ነው ብለው የሚቆርጡ ብዙ ናቸው። ነጠብጣቦቹ ጎበጥ ጎበጥ ብለው ተሰልፈው ካሉ ተክሉ የሚራባባቸው ናቸው። ቅጠሉ ላይ ትንንሽ ችግኝ ሥር ሲያወጣም ታዩ ይሆናል። ሁለት ሦስት ቅጠል ሲኖረው ቀንጥሳችሁ ሌላ ድንጋይ ላይ እሰሩት።

*አኑቢያስ አላድግ አለ።* እያደገ ነው። በወር አንድ ሁለት ቅጠል ካወጣ ደህና ነው።

*በየቀኑ ቦታ መቀያየር።* ይህ የተክሉ ሳይሆን የባለቤቱ ችግር ነው። ዛሬ የተከላችሁትን ለአንድ ወር አትንቀሉ።

*ፈሳሽ ካርቦን።* አልጌ ይገድላል ተብሎ ይሸጣል፤ ቫሊስኔሪያንም አብሮ ሊያሟሟ ይችላል።

ሲበዛ

ከጥቂት ወራት በኋላ ችግሩ ይገለበጣል። ሆርንወርቱ ውሃውን ይሞላል፤ ቫሊስኔሪያው ጠጠር ሥር ቅርንጫፍ እየሰደደ ፊት ለፊት ብቅ ይላል። ሆርንወርቱን በፈለጋችሁት ቦታ ቁረጡት፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ያድጋል። የቫሊስኔሪያ ልጅ የራሱ ሥር ሲኖረው ከእናቱ የሚያገናኘውን ክር በመቀስ በጥሱና ነቅላችሁ ለሰው ስጡ።

የማትፈልጉትን ግን ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም ቱቦ ውስጥ አትጣሉ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የጌጥ ተክል ነው፤ ጣናንና ቆቃን ምን እንዳደረጋቸው ታውቃላችሁ። ለአኳሪየም ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለም አትግዙ። ቁርጥራጩን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጨምሩት፤ ጓሮ ካላችሁ ኮምፖስት ላይ መጣል ይቻላል።